አሥረኛው ስም

ሰኞ

አራት ወለተ ማርያም፣ ሦስት ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሁለት ወለተ ሥላሴ። ማርየከ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእርሳሷ ጫፍ አንድ በአንድ ታሳየኛለች። አሥረኛው መስመር ላይ ስም የለም። አጭር ጭረት ብቻ።

ማርየከ ሮተርዳም ውስጥ የሻርሎይስ የሰፈር አዳራሽ ኃላፊ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኛ፣ ለኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ የላይኛውን ክፍል የምትከፍትልን እሷ ናት። ክፍሉ እንዲሰጠን ኸሜንተው፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ አሥር ሰው መገኘቱን የሚያሳይ የስም ዝርዝር ይፈልጋል። ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቱን አዞርን፣ ጻፍን፣ ሰጠናት። አሁን ደግሞ "ይህን ሁሉ የጻፈው አንድ ሰው ነው" ብለው መለሱላት። እሷ አላመነችም፤ ፊቷ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

እኔ ዝም አልኩ። እንደ ልማዴ።

ማንም አላጭበረበረም። ወረቀት ሲዞር እጃችን ራሱ የክርስትና ስም ይጽፋል። የክርስትና ስም ቄሱ ያውቀዋል፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ቀበሌ አያውቀውም። በደርግ ዘመን ልጅ የነበርን ሁሉ ይህን ማንም ሳያስተምረን ተምረናል። ከአራቱ ወለተ ማርያሞች አንዷ እኔ ነኝ።

አንዷ ደግሞ ዘይነባ ናት። ከአምስተርዳም፣ ከስሎተርቫርት፣ በየቅዳሜው በባቡር የምትመጣው ዘይነባ። የወሎ ሙስሊም፣ ሶላቷን የማታሳልፍ፣ እንዴት ወለተ ማርያም ሆነች? ደውዬ ጠየቅኳት። "ከላዬ ያለችው የጻፈችውን ነዋ የጻፍኩት። የማኅበሩ ስም መስሎኝ።" እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። በሚመጣው ቅዳሜ አሥር እውነተኛ ስም ከነፊርማው ካልተገኘ ክፍሉ ለካርታ ተጫዋቾች ክበብ ይሰጣል።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እዚያ ብቻ ነው። በየቅዳሜው አንዷ የምታውቀውን ትናገራለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። ስለ ስኳር በሽታ ሰምተናል። ስለ ንብ ሰምተናል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስለ ግመል ሰምተናል። እኔ ሦስት ዓመት ተራዬን ለሌላ ሳሳልፍ ኖሬ በመጨረሻ እሺ ያልኩት ለዚህ ቅዳሜ ነው።

ርዕሴ፦ አሜሪካ ኮሚኒስት የፈራችበት ዘመን።

እንግዲህ ወይ እናገራለሁ፣ ወይ የምናገርበት ክፍል አይኖርም።

ማክሰኞ

ርዕሱን ከየት እንዳመጣሁት ልጻፍ፤ ቅዳሜ መጠየቄ አይቀርም።

በሳምንት ሦስት ቀን ጎረቤት ከተማ ስኪዳም ውስጥ ሜቭራው ሩት፣ በኛ ወይዘሮ ሩት፣ ቤት እሠራለሁ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ አሜሪካ ተወልደው እዚህ ያረጁ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ። አምና በብርዱ ወራት ቁም ሣጥን ሳጸዳ የብስኩት ቆርቆሮ ወደቀብኝና ተከፈተ። ብስኩት አልነበረም። የጋዜጣ ቁራጭ፣ ቢጫ የሆነ፣ ጫፉ የሚፈረፈር።

እኔ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት አይቼ ማለፍ አልችልም። እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከሳሙና ካርቶን፣ ሳህን ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የብዙ ነገር መሃሉን አውቃለሁ፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አላውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ማንበብ ጀመርኩ። ሜቭራው ሩት ከበሩ ቆመው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ "ወንበር ላይ ተቀመጪና አንብቢ፣ ጉልበትሽ ያስፈልገኛል" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ አንድ ቁራጭ እናነባለን። መጀመሪያውንና መጨረሻውን እሳቸው ይነግሩኛል።

እስካሁን የያዝኩት፦

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳለቀ የአሜሪካና የሩሲያ ወዳጅነት ፈረሰ። ሩሲያ አቶሚክ ቦምቡን ሠራች። ቻይና ኮሚኒስት ሆነች። ኮሪያ ላይ ውጊያ ተነሣ (የኛም ወታደሮች ዘምተዋል፣ ይህን አልርሳ)።

ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ታማኝነቱ ይመርመር ብሎ አዘዘ።

የተጠረጠሩ ማኅበራት ዝርዝር ወጣ። ከነሱ የአንዱ አባል የነበረ፣ ስብሰባ የሄደ፣ መዋጮ የሰጠ ሁሉ ይጠየቃል።

በብዙ ቦታ መምህራን የታማኝነት መሐላ እንዲፈርሙ ተደረገ። ያልፈረመ ተባረረ።

የጠቆመብህን ሰው አታየውም። ስሙንም አይነግሩህም።

መጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን አውቀዋለሁ። ይህን ከማንም ጋዜጣ ሳላነብ አውቀዋለሁ። እነሱ "ኮሚኒስት ነህ" ተብለው፣ እኛ ደግሞ "አይደለህም፣ ፀረ አብዮት ነህ" ተብለን። ወረቀቱ ግን ያው ወረቀት።

ዛሬ በሜትሮ ስመጣ ለራሴ ስናገር ከጎኔ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች።

ረቡዕ

ዛሬ ሜቭራው ሩት የራሳቸውን ነገሩኝ። ቁራጭ ሳይዙ። እየሰማሁ ሾርባው አረረ።

መምህር ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ የከተማው መዋኛ ለጥቁር ልጆችም ይከፈት የሚል ማመልከቻ ይዘው ቤት ለቤት ዞረው ሰው አስፈርመዋል። መዋኛው አልተከፈተም። ወረቀቱ ማዘጋጃ ቤት ገባ፣ ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ የኮሚኒስት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ሲጠሩ ያች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ጥያቄዎቹን እንዳሉ ጻፍኩ። ምን ጋዜጣ ያነባሉ? ምን ዓይነት ሸክላ ያዳምጣሉ? ቤትዎ ማን ይሰበሰብ ነበር? ጥቁር እንግዳ ቤትዎ ተቀብለው ያውቃሉ? እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። "ዛሬ ቢሆን፣ አዎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሾርባም ታሳርራለች እላቸው ነበር።"

ከዚያ ዋናው ጥያቄ፦ አብረውዎት ያስፈረሙት እነማን ናቸው?

አልተናገሩም። እኔም የገረመኝን ጠየቅኩ፤ ስለ ራስዎ ተናግረው ስለ ሌላው ዝም ማለት አይቻልም ነበር? አይቻልም። ሕጉ እንዲያ ነበር። ዝም የማለት መብት አለህ፤ ነገር ግን ስለ ራስህ አፍህን ከከፈትክ ስለ ሌላው መዝጋት አትችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዝም። ዝም ያለ ደግሞ ጥፋተኛ ነው ተባለ። ከሳምንት በኋላ ሥራቸው የለም። ጎረቤት በሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይሻገራል። ፓስፖርት ቢጠይቁ ተከለከሉ፣ ለዓመታት፤ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም እስኪል ድረስ። ሲፈቀድ በመጀመሪያው መርከብ ሮተርዳም ወረዱ።

በዚህ ጊዜ የኛን ጉዳይ ነገርኳቸው። አፍሬ ነው የነገርኳቸው። እርስዎ ስም አልሰጥም ብለው እንጀራዎን አጡ፣ እኔ አሥር ስም ለቅሜ ላስረክብ ነው አልኩ።

አልተቆጡም። "ወረቀቱን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? መቼ ይቀደዳል? ጠይቀሻል?" አሉ። አልጠየቅኩም። "እኔም ያኔ አልጠየቅኩም። ከፈረሙልኝ ሰዎች ሁለቱ ሥራቸውን አጥተዋል። ስማቸውን እኔ አልተናገርኩም፤ ብዕሩን ግን እኔ ነኝ ያቀበልኳቸው።"

ይህን ቁራጭ ከየትም ጋዜጣ አላገኘውም ነበር።

ሐሙስ

ጠየቅኩ!

ሦስቱን ጥያቄ በደች ቋንቋ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በቃሌ አጥንቼ፣ ማርየከ ቢሮ ገባሁ። እኔ ቢሮ ገብቼ የተጠየቅኩትን መልሼ ነው የምወጣው። ጠይቄ አላውቅም። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

ማርየከ መነጽሯን አወለቀች። "ይህን እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለች። ስልክ ደወለች፣ ጠበቀች፣ ጻፈች። መልሱ፦ ወረቀቱ በእሷው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የኸሜንተው ሰዎች የሚወስዱት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ስለ ተጠራጠሩ ግን አንድ ጊዜ መጥተው ያዩታል። ዓመቱ ሲያልቅ ይቀደዳል።

አራተኛ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አመለጠኝ። የትውልድ ቀንና አድራሻ ለምን ይጻፋል? ፎርሙን ገልብጣ አየችው። "ስላለ ነዋ" አለች። ከዚያ መቀስ አውጥታ ያንን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው። እፊቴ። ቁራጩን ለመንኳትና ሰጠችኝ፤ አሁን ይህ ደብተር ውስጥ ነው።

አምስተኛ፦ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ቢኖርስ? እዚህ ላይ ትከሻዋን ነቀነቀች። ደንቡ አሥር ነው።

ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው፣ ሦስት ፌርማታ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ዓርብ

ከሥራ መልስ እማማ ብርነሽ ጋ ሄድኩ። ከኔ ሁለት መንገድ አልፈው ነው የሚኖሩት። ያቺን ጭረት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፣ ከቤት የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያንና ለቅዳሜያችን ብቻ ነው።

የማርየከን መልስ ነገርኳቸው። የተቆረጠውን ዓምድ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። "ጎሽ፣ አንቺ ልጅ አፍ አወጣሽ" አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው በእጄ ላይ አኖሩት።

"የሺ ልጄ፣ እኔ ጽሕፈቴ ያምራል። ጠላቴ እሱ ነው።"

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ የሰፈራቸው ልጆች የኳስ ቡድን አቋቋሙ። አሥራ አንድ ልጆች። ማልያ የሚሆን ጨርቅ ቀበሌ ይሰጣል ተባለ፤ ለዚያ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል። ከግቢው ጥሩ ጽሕፈት ያላቸው እሳቸው ነበሩ። ቁጭ ብለው፣ መስመር አስምረው፣ ስም ከነአባት ጻፉ። የራሳቸውን ልጅ ከላይ፣ በረኛ ስለሆነ። ጨርቁ አልመጣም። ዝርዝሩን የያዙ ሰዎች መጡ፣ ልጆቹን ወሰዱ። ሁለት ልጆች ተመለሱ። በረኛው አልተመለሰም።

ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ይህን ዛሬ ገና ሰማሁ።

"ነገ ንግግርሽን ልሰማ እመጣለሁ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ብዕር ብቻ አታቀብይኝ" አሉ።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል። ስወጣ ግን እየቆጠርኩ ነው፤ ያለሳቸው ዘጠኝ ነን።

ቅዳሜ

ተናገርኩ። አርባ ደቂቃ። እኔ!

 ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሰላምታም ረሳሁ። በቀጥታ ጥያቄዎቹን አነበብኩ። ምን ጋዜጣ ታነቢያለሽ? ቤትሽ ማን ይሰበሰባል? የምን ማኅበር አባል ነሽ? ከማን ጋር ታይተሻል? ይህ የተጠየቀው የት ነው አልኩ።

"ቀበሌ" አሉ ከአንድ አፍ።

"አሜሪካ ነው።"

ዘይነባ፣ "ኧረ በአላህ፣ እኔ እኮ ቪዛ ልጠይቅ ነበር።" ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምርመራውን፣ መሐላውን፣ ስም አምጣ የሚለውን ኮሚቴ፣ ፓስፖርቱን። የፊልም ሠሪ፣ የመምህር፣ የወደብ ሠራተኛ ስም የተጻፈበትንና ሥራ የሚያስከለክለውን ዝርዝር። ጥያቄ ዘነበብኝ። ሰላዮች አልነበሩም ወይ አለች አንዷ። ነበሩ፣ ሜቭራው ሩትም አይክዱም አልኩ፤ ለጥቂቶቹ ሲባል ግን መዋኛ ይከፈት ያለ ሁሉ ተጠየቀ። እነሱ እኮ እንደኛ አልተገደሉም አለች ሌላዋ። እውነት ነው አልኩ። የታሰሩ ነበሩ፤ አብዛኛው ግን ያጣው ሥራውንና ጎረቤቱን ነው። እኩል ነው አላልኩም። ወረቀቱ ሲጀምር ይመሳሰላል ነው ያልኩት።

ዘይነባ ደግሞ ካምና ወዲህ፣ አምስተርዳም ላይ እስልምናን የሚተች ፊልም የሠራው ሰውዬ በአንድ ሙስሊም እጅ ከተገደለ በኋላ፣ ስሟ በቢሮ ሲጠራ የሚሆነውን ነገረችን። ስሟን ያነበበው ሰው ቀና ብሎ ሻሿን ያያል፣ እንደገና ስሟን ያነባል። "ለዚህ ነው ወለተ ማርያም የተመቸኝ" አለች። ስቀን ነበር፣ ግን ሳቁ አጠረ።

በመጨረሻ የተቆረጠውን ፎርም አወጣሁ። ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚቀደድ ተናገርኩ። ማንም ለሌላ ሰው አይጽፍም፣ እያንዳንዷ የራሷን ብቻ አልኩ። መጀመሪያ እኔ ጻፍኩ። የሺ ተሰማ። ስሜ ወረቀት ላይ እንግዳ ይመስላል። ቀጥሎ ዘይነባ፣ ስሟን ከነአያቷ። "በሉ፣ ሃይማኖቴን መለሳችሁልኝ።" አንዷ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንስታ አስቀመጠች፣ ከዚያ ጻፈች።

ወረቀቱ እማማ ብርነሽ ጋ ሲደርስ የሚያቃጥል ሳህን እንደሚያሳልፍ ሰው በሁለት ጣት ይዘው አሳለፉት።  ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ማን ይፍረሙ ሊል ይችላል?

ዘጠኝ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ወንበር ስደረድር ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ብዕሩም። አሥረኛው መስመር ባዶ። የእማማ ብርነሽን ስም ከነአባታቸው አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ለቀረ ሰው ጽፈናል፤ ምን አለበት ብለን፣ ለደግ ብለን። ብዕሩን አነሳሁ። ይህን እዚህ መደበቅ አልፈልግም፣ አንስቻለሁ።

የብዕሩን ክዳን ገጥሜ ወረቀቱን የማርየከ የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ዘጠኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እማማ ብርነሽ ክንዴን ያዙ። "ስንት ሆነ?" ዘጠኝ አልኩ። ክንዴን አልለቀቁም። እስከ ፌርማታው እንዲሁ ሄድን።

የዛሬው ይኸው ነው። ግን ትናንት መናገሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰኞ

ሜቭራው ሩት ሁሉንም አስደገሙኝ። የንግግሬን መጀመሪያ፣ ጥያቄዎቹን፣ በአማርኛ አስነበቡኝ፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስለ አሥረኛው መስመር ስነግራቸው "አልጻፍሽም?" አሉ። አልጻፍኩም። እጄን መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ሾርባውን አስታወሱኝ።

ከሰዓት ማርየከ ደወለች። ዘጠኝ አሥር አይደለም። ረቡዕ ውሳኔ ይሰጣል። የካርታ ተጫዋቾቹ መጥተው ክፍሉን አይተዋል፣ ጠረጴዛዎቹን ወደዋቸዋል።

ጠረጴዛዎቹን እኔ ነኝ የምወለውላቸው።

ማክሰኞ

ረፋዱ ላይ ስልክ። ማርየከ። "የሺ፣ አንዲት አሮጊት ቢሮዬ ተቀምጠዋል። ደች አይናገሩም። አይሄዱም። ስማቸውን ስጠይቃቸው ፈገግ ይላሉ።"

ሮጬ ደረስኩ። እማማ ብርነሽ የእሑድ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ማርየከ የሰጠቻቸው ሻይ ተጋምሷል። እኔን ሲያዩ፣ "ዘገየሽ። በይ ንገሪያት። አሥረኛዋ እኔ ነኝ። ትየኝ፣ ይኸው ፊቴ። ቅዳሜም መጥታ ትቁጠረኝ። ስም ግን አልጽፍም።"

ተረጎምኩ። ማርየከ ለምን አለች። የምነግርሽ እኔ አይደለሁም አልኳትና እሳቸውን ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡ። "ዝርዝር ጽፌ አሥራ አንድ ልጅ ወሰዱ በያት። ሌላ እንዳትጨምሪ።"

ያችኑ አልኩ። አልጨመርኩም።

 ማርየከ ወረቀቱን ከቁም ሣጥን አወጣች። አሥረኛው መስመር ላይ በራሷ እጅ ጻፈች፦ አንዲት ሴት፣ በአካል ተገኝተዋል፣ አይቻቸዋለሁ። ከሥሩ የራሷን ስም ጽፋ ፈረመች። ይቀበሉታል ወይ አልኳት። አላውቅም አለች፣ "ካልገባቸው እኔን ይጠይቁኝ።"

እማማ ብርነሽ ምን እንደተጻፈ አስነበቡኝ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ማርየከን አገላብጠው ሳሟት፣ እሷም ሦስት ጊዜ መሳም ስለለመደች ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

ትራም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስኮቱን እያዩ፣ "ያች አሜሪካዊት፣ ሲጠይቋት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር?" አሉ። አላውቅም፣ ነገ እጠይቅልዎታለሁ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትራሙ ሁለት ፌርማታ ሄደ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ የቤት ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው፣ ይነግሩኝ ጀመር። ከበረኛው ተነሥተው፣ ተከላካዮቹን፣ መሃል ያሉትን፣ እስከ ግራ ክንፉ፤ ስም ከነአባት፣ ማን ፈጣን እንደነበር፣ ማን ጫማ እንዳልነበረው። ሲጨርሱ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩ። አንዱን ተሳስቼ አረሙኝ።

የክፍሉ ነገር ነገ ይታወቃል። አሁን ስሞቹን በቃሌ አንድ ጊዜ ደገምኳቸው፣ አሥራ አንዱንም አልረሳሁም። እዚህ አልጽፋቸውም።